ሀዋሳ ላይ የወሰድኩት የኦቲዝም ልጆች ወላጆች ስልጠና፣ ለምትጠይቁኝ እናቶች

ልጄ 5 አመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ እስካሁን ቃል አልወጣውም። እዚህ ሀዋሳ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የተንከባካቢዎች ስልጠና ጨርሻለሁ፣ ብዙዎቻችሁ ይጠቅማል ወይ እያላችሁኝ ስለሆነ እዚሁ ልጻፈው።

አዎ ይጠቅማል፣ ከተገኘ እንዳያመልጣችሁ። ከ2 እስከ 9 አመት የሆናቸው የእድገት መዘግየት ያለባቸው ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ነው፣ 9 ጊዜ በቡድን ትገናኛላችሁ፣ 3 ጊዜ ደሞ አሰልጣኞቹ ቤታችሁ ይመጣሉ፣ የሀኪም ወረቀት የግድ አይደለም። አዲስ አበባማ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለኦቲዝም ልጆች የከፈቱት ጆይ ማዕከል አለ፣ ግን ከዚህ 270 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፣ ልጅ ይዞ መመላለስ አይታሰብም።

እኔ ልጄን ከጎኑ ቁጭ ብዬ "እማ በል፣ በል እንጂ" እያልኩ ነበር የማስጨንቀው። አሰልጣኞቹ ግን ፊት ለፊቱ ዝቅ ብለሽ ቁጭ በይ፣ እሱ የሚያደርገውን አድርጊ፣ አንድ ቃል በይ ከዛ ጠብቂ አሉኝ። መጠበቁ ነው የከበደኝ። ቡና ስለቅም ፍሬውን እያነሳ ጣሳ ውስጥ መጣል ይወዳል፣ ድሮ አትበትንብኝ ብዬ አባርረው ነበር፣ አሁን እሱ አንድ ሲጥል "ጣል" እላለሁ እኔም አንድ እጥላለሁ ከዛ ጣሳውን በጄ ከድኜ ዝም እላለሁ። አራተኛው ሳምንት ላይ እጄን ይዞ ከጣሳው ላይ አነሳና አይኔን አየኝ። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፣ ለኔ ግን አወራኝ ማለት ነው፣ ያን ቀን ማታ አልቅሼ አልጠገብኩም።

ስልጠናውን የምትመራው የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት፣ ሪሰርችም ትሰራበታለች፣ ይሄን ስሰማ ልቀር ነበር። ከዚህ በፊት ቤቴ መጥተው ሁለት ሰአት ሙሉ መጠይቅ አስሞልተውኝ ልጄንም ቪዲዮ ቀርጸው የሄዱ ሰዎች ነበሩ፣ እንደወጡ ቀሩ፣ ምን እንዳገኙ እንኳ የነገረኝ የለም። ይቺ ግን ሳትጀምር ሰብስባ ምን ቢጠና ይጠቅማችኋል አለችን። እኛም ትምህርት ቤት ለምን አይቀበሉንም፣ ጎረቤት እርግማን ነው ሲል ምን እንበል፣ እኔ ብሞት ማን ይይዘዋል፣ ያለውን ሁሉ ዘረገፍነው። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን ራሱ ባለጉዳዮቹ ይማከሩ ይላል ብላ አስረዳችን። ሲያልቅ የጻፈችውን ባማርኛ አነበበችልን፣ አንዷ እናት "አፈርኩበት አላልኩም፣ ደከመኝ ነው ያልኩት" ስትላት እዛው ሰርዛ አስተካከለችው። የዩኒቨርሲቲ መምህር የደረጃ እድገት በብዛት የሚታየው በታተመ ጽሁፍ ነው፣ በባጃጅ አቶቴ ሰፈር ድረስ ሄዶ ከእናት ጋር ቡና ጠጥቶ ማድመጥን ማን ይቆጥርላታል፣ እኔ ግን እንዲቆጠርላት ከልቤ እፈልጋለሁ።

ያልወደድኩት አለ። ስልጠናው ባማርኛ ብቻ ነው፣ ሲዳምኛ ብቻ የምትችል እናት አጠገቤ ነበረች፣ እኔ እየተረጎምኩላት ግማሹ ለሷም ለኔም አመለጠን፣ ይሄ መስተካከል አለበት። ሰአቱም በስራ ቀን ጠዋት ስለሆነ አንድም አባት አልመጣም፣ ባሌ አሰልጣኞቹን ያያቸው ቤት ሲመጡ ነው፣ ከዛ ወዲህ ግን ጣሳውን እሱም ይዞ ይቀመጣል።

ልጅ የምትተዉበት ከሌላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ባለው ክፍል ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው አለ፣ የሚወደውን መጫወቻና መክሰስ ብቻ ያዙለት።