አዲሱን የእግረኛ መንገድ ከእማዬ ጋር ሞከርነው

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ሜትር ከአንገቴ አይወርድም፤ ለዚህ ጽሑፍም የጠቀመኝ እሱ ነው።

የምንኖረው አዲስ አበባ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ነው። እማዬን ስትሮክ ከመታት ሁለት ዓመት አለፈ። ግራ ጎኗ እስካሁን በደንብ አይታዘዝላትም፤ ከቤት የምትወጣው በዊልቸር ነው። በቅርቡ ከሰፈራችን ወደ ዋናው አስፋልት የሚያወጣው መንገድ ተሠርቶ አለቀ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለው፤ የብስክሌት መስመር፣ አዲስ የአውቶብስ መጠበቂያ፣ አዲስ ዜብራ አለው። ማታ ማታ ሰው እየወጣ ፎቶ ይነሳበታል። የሚወራው ሁሉ ግን ስለ መብራቱና ስለ አበባው ነው። ዊልቸር እየገፋሁ ብሄድበት እንዴት ነው ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመላለስንበት፤ ያየነውን እነሆ።

በፊት እማዬን ለደም ግፊት ክትትል የምንወስዳት በባጃጅ ኮንትራት ነበር። ጤና ጣቢያው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን አይርቅም። ግን መንገዱ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ የተነቃቀለ ኮብልስቶን ነው። ደርሶ መልስ 300 ብር እንከፍላለን። ከብሩ ይልቅ እኔን የሚያመኝ ሌላ ነበር። ሁለት ሰው አቅፎ ባጃጁ ውስጥ ሲያስገባት እማዬ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ዕቃ አደረጋችሁኝ እኮ» ትላለች። ቀጠሮ ሲደርስ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ምግብ ትቀንሳለች፤ እንድትቀልልላቸው ብላ።

አዲሱን መንገድ መጀመሪያ የሞከርነው እሑድ ጠዋት ነው። ንጣፉ ለስላሳ ነው። እንደ ኮብልስቶኑ ጥርስ አያንገጫግጭም። ትንሽ እንደሄድን እማዬ ቀኝ እጇን ጎማው ላይ አሳረፈችና «ቆይ እስቲ፣ ልቀቂኝ» አለች። ለቀቅኳት። በአንድ እጅ መግፋት ወንበሩን ወደ ጎን ይወስደዋል። ቢሆንም ስድስት ሰባት ክንድ ያህል ራሷ ሄደች። ጀበና ቡና የምታፈላው ሴትዮ ረከቦቷን ትታ ብድግ አለች። እማዬ ቡና ጠጣች፣ የድሮ ጎረቤቷን አገኘች፣ ስለ ሞተ ሰው አለቀሱ፣ ስለ ተወለደ ልጅ ሳቁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱ የሚኖሩት ሦስት ብሎክ ተራርቀው ነው። መንገድ ነው ያለያያቸው። ይህን መንገድ ላነጠፉት ሠራተኞች ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ምስጋና በኋላ ይነበብልኝ።

ስፋቱን ለካሁት፤ 3 ሜትር ከ20 ነው። ሁለት ዊልቸር ጎን ለጎን ለመተላለፍ 1 ሜትር ከ80 ያህል ስለሚበቃው፣ ስፋቱ ከበቂ በላይ ነው። የመብራት ምሰሶዎቹና ዛፎቹ ወደ አስፋልቱ ጠጋ ተደርገው በአንድ መስመር ተተክለዋል። መሄጃው መሀል የተገተረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። መቀመጫዎቹ መደገፊያ አላቸው፤ ለሽማግሌ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ከእግረኛው መንገድ ወደ ዜብራው የምንወርድበት ተዳፋት አለ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቁጭ ብዬ ለካሁት። የጠርዙ ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ለአንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ርዝመት ነው። ስለዚህ ይህ ተዳፋት 1 ሜትር ከ80 መርዘም ነበረበት። የለካሁት 1 ሜትር ከ10 ነው። በዚያ ላይ ታች አስፋልቱን የሚነካበት ቦታ ሁለት ጣት የምታህል እርከን ቀርታለች። ሁለት ጣት ነች፣ አዎ። ጤነኛ ሰው ሲራመድ አያያትም። የዊልቸር የፊት ጎማ ግን ትንሽ ነው፤ እዚያች ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ወንበሩ ሲቆም ሰው አይቆምም። እማዬ ወደ ፊት ተወረወረች። በነጠላዋ ጫፍና በትከሻዋ ያዝኳት። ጉልበቷ አስፋልቱን ነካ፣ ቆዳው ተላጠ። ከኋላችን መኪና ጥሩንባ ያስጮሃል። አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት አካፋውን ጥሎ ሮጦ መጣና «እናቴ፣ አይዞሽ» እያለ ወንበሩን ቀና አደረገልን። እማዬ በመንገዱ ሁሉ ዝም አለች። ቤት ስንደርስ «ባጃጁ ይሻለናል» አለች። ያን ቀን እኔም ሥራ አልሠራሁም።

ያችን እርከን ለማጥፋት ግማሽ ባልዲ ሲሚንቶና አንድ ግንበኛ ይበቃል። ስፌት ላይም እንዲህ ነው። ጨርቁ ምንም ያህል ውድ ቢሆን እጅጌው ከትከሻው ጋር ካልገጠመ ቀሚሱ አይለበስም። መንገዱን የሠሩት ሰዎች ርዝመቱን በኪሎ ሜትር ሲቆጥሩ እሰማለሁ። እኛ ግን የምንወድቀው በሳንቲ ሜትር ነው።

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ተዳፋቱ የጠርዙ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ውኃ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ሐሙስ ከዘነበ በኋላ ሄጄ ሳየው ኩሬ ሠርቷል። እግረኛው ዘሎ ያልፋል። ዊልቸር የሚዘልበት መንገድ የለም። ለዚህ መፍትሔ አለ። መንገዱን ወደ አስፋልቱ ማውረድ ቀርቶ ዜብራውን ራሱን ወደ እግረኛው መንገድ ከፍታ ማንሳት ነው። ሰው ሳይወርድ ሳይወጣ በቀጥታ ይሻገራል፤ ከፍ ያለው ዜብራ ለመኪናው ደግሞ እብጠት ሆኖ ፍጥነቱን ያስቀንሰዋል። ውኃው በጎንና ጎን ቱቦ ከተሠራለት ይወርዳል። ሰፈራችን ካሉት ዜብራዎች ግን አንዱም እንዲህ አልተሠራም፤ ሁሉም አስፋልት ላይ የተቀቡ ናቸው።

ፍጥነቱን ነገር በቀላሉ አልፈው አልችልም። መንገዱ ከተስተካከለ ወዲህ መኪናው ሁሉ ይበራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ መኪና ከፊት የሚገጨው እግረኛ የመሞት ዕድሉ ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ 4 እጥፍ ተኩል ይጨምራል። የ15 ኪሎ ሜትር ልዩነት ነው! እኛ ለመሻገር ሰዓት ያዝኩ፤ እኔ እየገፋሁ 19 ሰከንድ ፈጀብን። መሀል ላይ ቆም የምንልበት ደሴት ቢኖር በሁለት ትንፋሽ እንሻገር ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር ለማድረግ ሁልጊዜ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ለገሃር መጋጠሚያ ላይ ከዓመታት በፊት መሬቱን ቀለም ቀብተው፣ አጫጭር ቋሚዎች ተክለው ለእግረኛ ቦታ ሲያሰፉ አይቻለሁ። ሞክሮ፣ አይቶ፣ ከዚያ በድንጋይ ማጽናት ይቻላል።

ከእኛ ብሎክ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለ። ሦስተኛ ሳምንት ላይ «ነይ እስቲ፣ እኔም ላሳይሽ» አለኝ። ቢጫውን ንጣፍ በበትሩ እየነካ አስረዳኝ። ረጃጅም መስመር ያለው «ቀጥል» ማለት ነው። ክብ ክብ ያለው «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ይህ ነገር በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የተፈለሰፈ መሆኑን የነገረኝም እሱ ነው። እኔ ጌጥ ነበር የሚመስለኝ። መሀል ላይ ያለው ንጣፍ በደንብ ይመራዋል፤ ቀጥ ብሎ፣ ፈጠን ብሎ ይሄዳል፣ ደስ ይላል። አውቶብስ መጠበቂያው ጋ ስንደርስ ግን መስመሩ በቀጥታ ወደ ታፔላ ብረት ይወስደዋል። ቦታውን ስለሚያውቀው ሁለት እርምጃ ሲቀረው ራሱ ታጠፈ። «የመጀመሪያ ቀን በግንባሬ ነው ያወቅሁት» አለኝ። ዜብራው ጋ ደግሞ ክብ ክቡ ንጣፍ ጭራሽ የለም። አስፋልት መጀመሩን የሚያውቀው በሁለቱ ጣት እርከን ነው። እማዬን የጣለችው እርከን ለሱ ምልክቱ ናት። ስለዚህ እርከኗን የሚያጠፋ ሰው፣ እባክህ፣ በዚያው ቀን ክብ ክቡን ንጣፍ አብረህ አንጥፍ።

የብስክሌት መስመሩ ቀይ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ባዶ ነው። ከሰዓት በኋላ መኪና ይቆምበታል። ባለ ብስክሌቶቹም ተገፍተው እኛ ላይ ይመጣሉ። ቅዳሜና እሑድ ሕፃናት ብስክሌት የሚለማመዱት እዚያው ነው፤ ቢያንስ ለነሱ ሲባል መኪናው ይነሳ።

የአውቶብስ መጠበቂያው ጥላና መቀመጫ አለው፤ ከመቀመጫው አጠገብ ለዊልቸር የተተወ ባዶ ቦታም አለ። አውቶብሱ ግን ጠርዙን ተጠግቶ አይቆምም። በመሀሉ ያለው ክፍተት ከአንድ እርምጃ ይበልጣል። አንድ ሾፌር ስለምነው በትሕትና ወደ ኋላ ተመልሶ አስጠጋልን፤ ተሳፋሪው አላጉረመረመም። የአንድ ሾፌር ደግነት ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ሕጉስ ቢሆን አለ። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆን ደንግጓል። የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነትም አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሕንፃው ውስጥ መወጣጫ ተሠርቶ ከደጁ መድረስ ካልተቻለ እማዬ ምን ትጠቀማለች?

ነጥብ ስጪ ከተባልኩ፣ መሀል መንገዱን ከ5 አምስት፣ መሻገሪያዎቹን ከ5 አንድ እሰጣለሁ። የለካሁትን ሁሉ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አያይዤ ለሚመለከተው ክፍል አስገብቻለሁ። መልስ እየጠበቅሁ ነው።

እስከዚያ ድረስ ዊልቸር ይዛችሁ የምትመጡ ካላችሁ፣ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ኑ። ተዳፋቱ ላይ ስትወርዱ ፊት ለፊት አትሂዱ። ወንበሩን አዙሩት፤ ትልቁ የኋላ ጎማ አስቀድሞ ይውረድ፣ እናንተ ከታች ሆናችሁ በሰውነታችሁ ደግፉት። ያን ካወቅን ወዲህ አልወደቅንም።

እማዬ ቂሟን ረስታለች። አሁን ሌላ ነገር ይዛለች። እህቷ ጦር ኃይሎች ነው የምትኖረው። ከአያት የሚነሳው ባቡር እዚያ ድረስ ይሄዳል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በደጃችን ሲያልፍ፣ ከታመመች ወዲህ አንድ ቀን አልተሳፈረችበትም። «እስከ ጣቢያው በእግራችን ከደረስን ምን ይቀረናል?» ትለኛለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ምን እንደሚቀረን ገና አላውቅም። ቅዳሜ ሜትሬን ይዤ መጀመሪያ ብቻዬን እሄዳለሁ።