ደራሲው አብዝቶ የወደደው አታሚ

መጽሐፉ ጥሩ ነው። ችግሩ ደራሲው ሰውየውን አብዝቶ መውደዱ ነው። ስለ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከ500 ገጽ በላይ ጽፎ አንድም ቦታ ሲቆጣው አላየሁም። ልጅ እንኳ እየተወደደ ይገሠጻል።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የሕትመት ሱቅ አለችኝ። ደረሰኝ፣ የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ ማህተም፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥራዝ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። መጽሐፉም እጄ የገባው በዚሁ ሥራ ሰበብ ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ተበጣጥሶ ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ረግፈው ነበር። «ጠርዘውና አንብበው» ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። ስለዚህ የደራሲውን ስም ከእኔ አትጠብቁ። ጥራዙን ግን ልፈርድበት እችላለሁ። ለዚህን ያህል ውፍረት ሙጫ ብቻ መቀባት ድፍረት ነው። እኔ በክር ሰፍቼ ጠንካራ ካርቶን አልብሼዋለሁ። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ቢጫ ስለሚል ዓይን አይወጋም። እንግሊዝኛውም አይከብድም። 12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው መዝገበ ቃላት አጠገቡ ካስቀመጠ ይወጣዋል።

ሰውየውን በመልክ ታውቁታላችሁ። መቶ ዶላር ላይ ያለው፣ ከፊት ራሰ በራ ሆኖ ከጎን ፀጉሩን ያወረደው እሱ ነው። ብዙ ሰው የድሮ ፕሬዚዳንት ይመስለዋል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1706 ቦስተን ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ ነበር፣ ከ17 ልጆቹ እሱ 15ኛው። ትምህርት ቤት የሄደው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በ12 ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ሥራ ለማጅ ሆኖ ገባ። ወንድምየው ይደበድበው ነበር። ጽሑፉንም እንደማያትምለት ስላወቀ በ16 ዓመቱ ባሏ የሞተባት ሴት መስሎ ጻፈ፣ ሌሊት በበሩ ሥር እየሰደደ። ወንድሙ ሳያውቅ 14ቱን ደብዳቤዎች ጋዜጣው ላይ አወጣቸው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ስለሳቅሁ ፎቶ ኮፒ የምታስደርግ ተማሪ ደንግጣ አየችኝ።

በ17 ዓመቱ ከወንድሙ ጠፍቶ ፊላደልፊያ ገባ። ከዚህ በኋላ ያሉት ምዕራፎች የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ናቸው፤ ቢያንስ እንደኔ ላለ ሰው። እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ በእርሳስ ፊደል ዘመን ፊደል ለቃሚ ነበሩ። እያንዳንዱን ፊደል ከሳጥኑ እየለቀሙ፣ ግልብጡን እያነበቡ ይደረድሩ እንደነበር ሲነግሩኝ ተረት ይመስለኝ ነበር። እዚህ መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። ፍራንክሊን የራሱን ማተሚያ ሲከፍት አንድ ትልቅ መጽሐፍ በየቀኑ አንድ ሉህ እየደረደረ ለመጨረስ ከራሱ ጋር ተስማማ። አንድ ማታ የዕለቱን ጨርሶ ሊተኛ ሲል የተደረደረው ተናደና ሁለት ገጽ ፊደል ተበተነ። ነገ አላለም። ሁሉንም መልሶ ለቅሞ፣ እንደገና ደርድሮ ነው የተኛው። ወረቀት ሲገዛም በጋሪ እየገፋ በመንገድ ያልፍ ነበር፣ ሰው ትጋቱን እንዲያይለት። እዚህ ላይ ደራሲው «እንዴት ያለ ብልህ ነው!» ሊል ይቃጣዋል። እኔ ትንሽ ጉራም አለበት እላለሁ። ግን ገበያ ይስባል፣ ምን ይደረግ።

ማህተም ስለምንቀርጽ ሐሰተኛ ሰነድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። በ1730ዎቹ የወረቀት ገንዘብ ሲያትም አስመሳዮች አስቸገሩት። ምን አደረገ? የእውነተኛ ቅጠል ቅርጽ በጀሶ ቀርጾ፣ ከዚያ ላይ ማተሚያ ሠርቶ የገንዘቡ ጀርባ ላይ አተመው። የቅጠል ጅማት የትኛውም ቀራጭ በእጁ አይደግመውም። ደራሲው ይህን በጥቂት መስመር አልፎታል። እኔ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ቢሆን እከፍልበት ነበር።

ወሎ ላደገ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀርበው የማኅበር ነገሩ ነው። በ1727 ከጓደኞቹ ጋር ጁንቶ የሚባል የዓርብ ማታ ስብሰባ ጀመረ። አናጢ፣ ጫማ ሠሪ፣ ጸሐፊ፣ አታሚ፤ አብዛኛው የእጅ ሰው። ከዚያ በ1731 ሃምሳ ሰው 40 ሽልንግ እያዋጣ የጋራ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። በ1736 የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ቡድን መጣ። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። በ1752 ቤቱ ለተቃጠለበት የሚከፍል ዋስትና ተቋቋመ። ይሄ እኮ ቅሬ፣ የእኛ የወሎዎች እድር ነው! እኛ ድንኳኑንና ወንበሩን ለሐዘን በጋራ እንይዛለን። እነሱ ያንኑ ለመጽሐፍና ለእሳት አዋሉት። ደራሲው ግን ሁሉንም የአንድ ሰው ጭንቅላት ያመጣው ያስመስለዋል። ቅሬ ውስጥ ያለ ሰው እንደሚያውቀው ሐሳብ ያመጣው አንድ ሰው ቢሆን እንኳ መዋጮውን እየዞረ የሚሰበስበው ሌላ ነው። ስለዚያኞቹ ትንሽ ቢነግረን ምን ነበረበት።

ሌላ ምልክት ያደረግሁበት ገጽ አለ። በ1740 ፊላደልፊያ ውስጥ የየትኛውም እምነት ሰባኪ የሚናገርበት አዳራሽ ተሠራ። ፍራንክሊን ስለዚህ አዳራሽ ሲጽፍ፣ የቁስጥንጥንያው ሙፍቲ እስልምናን የሚሰብክ ሰው ቢልክ እንኳ መድረክ ያገኛል ብሏል። ሲሸመግል ደግሞ ለከተማው ምኩራብ ገንዘብ አዋጥቷል። ቤታችን ውስጥ አጎቴ ክርስቲያን፣ አባቴ ሙስሊም ናቸው። ስለዚህ ለእኛ ብዙ አይገርምም። ለባለቤቴ ሳነብላት «ታዲያ ይሄ ምኑ ይጻፋል?» አለች።

የመብረቁን ነገር ሁሉም ያውቀዋል፤ ቶሎ ልለፈው። በ1752 ዝናብ ባረገዘ ሰማይ ሥር ካይት ለቀቀ። መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ከፈረንሳዮቹ ሙከራ ጋር አረጋገጠ። ሥዕሎች ላይ አብሮት የሚታየው ትንሽ ልጅ በእውነቱ ከሃያ ዓመት ያለፈው ልጁ ዊሊያም ነበር። ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ፣ ባትሪ የምንላቸው ቃላት በኤሌክትሪክ ትርጉማቸው ከእሱ የመጡ ናቸው። በመብረቅ መከላከያው ዘንግ ላይ የባለቤትነት መብት አልጠየቀም፣ ይገለገሉበት ብሎ ተወው። ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ ጫፍ ሲያጓራ እናቴ መስታወቱን በጨርቅ ትሸፍናለች። «እማ፣ ብረት ዘንግ ነው የሚያስፈልገን» ብላት «አንተ ዘንጉን ስታመጣ ጨርቁን አነሳለሁ» አለችኝ። እስካሁን አላመጣሁም።

የፓሪሱ ክፍል በጣም ረዝሟል። ከ1776 መጨረሻ እስከ 1785 የአሜሪካ ልዑክ ሆኖ ፈረንሳይ ተቀመጠ። በ1778 የጦር ወዳጅነት ውሉን አመጣ፣ በ1783 ከእንግሊዝ ጋር ሰላም ፈረሙ። የነፃነት አዋጁን፣ የፈረንሳዩን ውል፣ የሰላሙን ስምምነትና በ1787 ሕገ መንግሥቱን፣ አራቱንም የፈረመ እሱ ብቻ ነው። ይሄ ያስደንቃል። ግን ከፀጉር ቆዳ የተሠራች ባርኔጣው የፓሪስ ሰዎችን እንዴት እንደማረከች ስንት ገጽ ይወራል? እዚህ ጋ እንቅልፍ ከጣላችሁ አብሽሩ፣ እኔንም ጥሎኛል።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ። ደራሲው ከሽማግሌነት ወጥቶ ጥብቅና የሚቆመው እዚህ ነው። ሚስቱ ዴቦራ ሱቁን ያቆመች ሴት ነች። ወረቀት ታጥፋለች፣ ትሰፋለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ለወረቀት ፋብሪካ የሚሆን አሮጌ ጨርቅ ትገዛለች። በ1765 እንግሊዝ በሰነድና በጋዜጣ ላይ በጣለችው የቴምብር ቀረጥ የተናደደ ሕዝብ ቤታቸውን ሊያጠቃ ሲመጣ አልሸሽም ብላ ጠመንጃ ይዛ ጠብቃለች። ባልየው ለንደን ነበር። በ1757 ሄደ፣ በ1762 ተመለሰ፣ በ1764 እንደገና ሄደ። እሷ በ1774 መጨረሻ ስትሞት ገና አልመጣም። ደራሲው «ባሕር ትፈራ ነበር፣ ሥራውም ከባድ ነበር» እያለ ያባብለናል። ባለቤቴ የሠርግ ካርድ እያጠፈች ይህን ስነግራት እጇ ቆመ። «ባሕር የፈራችው እሷ ናት። እሱ ምን ፈርቶ ነው ያልመጣው?» አለች። ለዚህ ጥያቄ ከመጽሐፉ መልስ አላገኘሁም።

ልጁ ዊሊያም የእንግሊዝ ንጉሥ የሾመው የኒው ጀርሲ ገዥ ነበር። የአሜሪካ አብዮት ሲመጣ ከንጉሡ ጋር ቆመ። በ1776 ተይዞ ታሰረ፣ አባቱም እንዲፈታ አልጣረለትም። በ1785 እንግሊዝ ውስጥ ለጥቂት ቀን ተገናኙ፤ ያውም ሒሳብ ለመተሳሰብ። በኑዛዜውም ምንም አልተወለትም ማለት ይቻላል። ከጠላቱ ከእንግሊዝ ጋር የታረቀ ሰው ከልጁ ጋር መታረቅ አቃተው። እኛ ጋ ቢሆን ሦስት ሽማግሌ ተልኮ፣ አልሰማ ካለ ሰባት ይላክ ነበር።

የባርነቱም ነገር አለ። ቤቱ ውስጥ ባሪያዎች ነበሩት። ጋዜጣው የሚሸጡ ባሪያዎችንና የጠፉ ባሪያዎችን ማስታወቂያ እየተከፈለው ያትም ነበር። ከወንድሙ ጠፍቶ የመጣ ልጅ! ደራሲው «ዘመኑ ነው» ይላል። በእርግጥ ሲሸመግል ተለወጠ፤ በ1787 የፔንሲልቬኒያ ፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፣ በየካቲት 1790 ባርነት እንዲቀር ለኮንግረስ አቤቱታ ላከ። አንድ የጆርጂያ ተወካይ ባርነትን ሲከላከል ደግሞ በመጋቢት ምፀት ጻፈ። የአልጀርስ ሙስሊም ሹም መስሎ፣ ክርስቲያኖችን ባሪያ ማድረግ ለምን እንደሚያስፈልግ ያብራራል፤ ክርክሩ ሁሉ የተወካዩ ክርክር ነው፣ ተገልብጦ። መጀመሪያ ሳነብ «አሁን ደግሞ በእኛ ላይ መጣ» ብዬ ቆጣ አልኩ። ሁለተኛ ሳነብ ግን ማንን እንደሚወጋ ገባኝ። ካወጣው ወር ሳይሞላው በሚያዝያ በ84 ዓመቱ ሞተ። ባሏ የሞተባት ሴት መስሎ የጀመረ ጸሐፊ የአልጀርስ ሹም መስሎ ጨረሰ። ደራሲው ሁለቱን ባያያዛቸው ገረመኝ።

ኑዛዜው የሚጀምረው «እኔ የፊላደልፊያው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ አታሚ» ብሎ ነው። አምባሳደርነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኔም በክር የሰፋሁት ጥራዝ ጀርባ ላይ «ፍራንክሊን፣ አታሚ» ብዬ አትሜበታለሁ፤ ደራሲው ቢቀየምም ይቀየም። በዚሁ ኑዛዜ ለቦስተንና ለፊላደልፊያ ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተወ። ገንዘቡ ሙያ ተምረው ለጨረሱ፣ ላገቡ፣ 25 ዓመት ላልሞላቸው ወጣቶች ይበደራል። ሁለት ዋስ ይጠራል፣ ወለዱ 5 በመቶ፣ ክፍያው በ10 ዓመት። እኔም ለኦፍሴት ማሽን ብድር ጠይቄ የዋስ ዓይነት ሲቆጠርልኝ ተስፋ ቆርጬ ተመልሻለሁ። ወለድ የማይነካ ሰው በፍራንክሊኑም ይቸገር ነበር። ቢሆንም ሁለት ዋስና 10 ዓመት ከሰማሁት ሁሉ ይሻላል። ፈንዱ 200 ዓመት እንዲሠራ ነበር ያሰበው። በ1990 የቦስተኑ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ የፊላደልፊያው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ።

ደራሲው ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጨርሶታል። ለባርኔጣዋ የሰጣትን ቦታ ለዚህ ቢሰጥ ኖሮ ሳልሳሳ አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር። ለአሁኑ ሦስት ተኩል። የእጅ ሙያ ያለው፣ ወይም ሱቅ ልከፍት ነው የሚል ወጣት የመጀመሪያውን ግማሽ ያንብበው። ፖለቲካ የሚወድ ከፓሪስ ይጀምር። የቤተሰቡን ምዕራፍ ግን ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር አንብቡት፤ ክርክሩ ከመጽሐፉ ይጥማል።