የቢዝነስ ካርድ ዲዛይን፦ ሁለቱ ቋንቋ በአንድ ፊት ወይስ ፊትና ጀርባ?

ቢዝነስ ካርድ መሥራት ስትጀምሩ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው አንድ ፊት ላይ ይሁኑ ወይስ ይለያዩ?

አንድ ፊት ብቻ ሲታተም ዋጋው ይቀንሳል። ጀርባው ባዶ ስለሚሆንም ቀጠሮ ይጻፍበታል። ለልብስ ሰፊ ወይም ለጥርስ ሐኪም ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው።

ችግሩ ቦታ ነው። በብዛት የሚሠራበት አንዱ መጠን 85 በ55 ሚሊ ሜትር ነው። ከየጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ስትተዉ 75 በ45 ይቀራችኋል። እዚያ ላይ ስምና ሥራው ሁለት ሁለት ጊዜ ሲገባ ፊደሉ ማነሱ አይቀርም። የእኛ ፊደል ደግሞ ሲያንስ ይጎዳል። «ቡ» እና «ቢ»ን አስተያዩ። ልዩነታቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ ሌላው እግሩ ላይ። በደቃቅ ፊደል ሲታተሙ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። የሰው ስም ላይ ሲሆን ደግሞ ያናድዳል።

ፊትና ጀርባ ሲሆን አማርኛው እንደ ልቡ ይዘረጋል። ለጀማሪም ይቀላል፤ አንዱን ፊት ጨርሳችሁ ኮፒ ታደርጉና ጽሑፉን ትቀይራላችሁ። ስልኩ ግን ሁለቱም ፊት ላይ ይኑር። እንግሊዝኛው ላይ ዜሮዋን አውጥታችሁ በ+251 ጀምሩ። እስከ ጠርዝ የሚሄድ ቀለም ካለ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሩ፤ አለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ሊወጣ ይችላል።

እኔ ፊትና ጀርባውን እመርጣለሁ። ደንበኞቻችሁ በሙሉ አማርኛ አንባቢ ከሆኑ ግን እንግሊዝኛውን ተዉት፤ አንድ ፊት ይበቃል።