አባታችንን በአማርኛ አስረድታ ለከተበችልን ፋርማሲስት ምስጋና፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላላችሁም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ አነስተኛ ፋርማሲ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ፋርማሲስት ባለፈው ዐቢይ ጾም ለአባቴ ላደረገችላቸው መስተንግዶ በቤተሰባችን ስም ለማመስገን ነው። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ያሏችሁም ቦታውን ብታውቁት እንደምትጠቀሙ አምናለሁ። ስሟን ያለ ፈቃዷ በአደባባይ መጻፍ ተገቢ ስላልመሰለኝ፣ የምትፈልጉ በግል ብትጠይቁኝ የፋርማሲውን አድራሻ እልክላችኋለሁ።

ወደ ክትባቱ ያመራን የእህቴ እርግዝና ነው። ሐኪሟ ለእርሷ ቲዳፕ የተባለውን ክትባት፣ ማለትም መንጋጋ ቆልፍን፣ ዘጊ አናዳንና ትክትክን በአንድ መርፌ የሚከላከለውን፣ በ27ኛውና በ36ኛው የእርግዝና ሳምንት መካከል እንድትወስድ ካዘዘችላት በኋላ፣ ሕፃኑን የሚይዙ የቤተሰቡ አባላትም ከመውለዷ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ክትባታቸውን እንዲያሟሉ መከረቻት። ሕፃኑ የራሱን የትክትክ ክትባት የሚጀምረው ሁለት ወር ሲሞላው ነው፤ እስከዚያው የሚጠብቀው ከእናቱ ያገኘው መከላከያና በዙሪያው ያሉ ሰዎች ጤንነት ነው። ትክትክ ለአዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ የማይለቅ ሳል ሆኖ ያልፋል፣ ጨቅላ ሕፃን ላይ ግን ትንፋሽ እስከ ማቋረጥ ሊደርስ ይችላል። እህቴ ወደ ሥራ ስትመለስ ልጁን የሚይዙት አባቴ ስለሆኑ ነገሩ በዋናነት እሳቸውን ይመለከት ነበር።

በመጀመሪያ የጠየቅነው አንድ ክሊኒክ የክትባቱን ሙሉ ዋጋ ከኪሳችን እንድንከፍል ነገረን፤ ምክንያቱን ግን የነገረን አልነበረም። ነገሩን ያብራራችልን ይህችው ፋርማሲስት ናት፣ ያውም ገና በስልክ ሳለን። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ያለው ሰው ቆስሎ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ቢወጋ የሚከፍለው የሕክምና አገልግሎትን የሚሸፍነው ፓርት ቢ የተባለው ክፍል ነው፤ እንዲሁ በወቅቱ የሚወሰደው ክትባት ግን የሚሸፈነው ለመድኃኒት በሚያገለግለው በፓርት ዲ ነው። ፓርት ዲን በቀላሉ የሚያስከፍሉት ደግሞ ፋርማሲዎች በመሆናቸው የሐኪም ቤት ጸሐፊዎች ጉዳዩ ያደናግራቸዋል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ፓርት ዲ ያላቸው ሰዎች ለአዋቂዎች ለሚመከሩ ለእነዚህ ክትባቶች ምንም አይከፍሉም። «ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያለውን የሜዲኬር ካርድ ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ መድኃኒት የምትወስዱበትን ካርድ አምጡ» ብላ አስጠነቀቀችን። ይህ ማስጠንቀቂያዋ ባይኖር ኖሮ አባቴ በቦርሳቸው የሚይዙት ያንኑ ባለ ሦስት ቀለም ካርድ ብቻ በመሆኑ ተመልሰን መምጣታችን አይቀርም ነበር።

ቀጠሮ ስትሰጥ የጠየቀችው ጥያቄም ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ጾመኛ መሆናቸውንና በስንት ሰዓት እንደሚፈቱ ጠየቀችን፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚቆዩ ስንነግራት ለክትባቱ መብላት ግዴታ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በባዶ ሆድ መርፌ ሲወጉ የሚያዞራቸው ሰዎች ስላሉ ካስቀደሱና እህል ከቀመሱ በኋላ ቢመጡ እንደምትመርጥ ነግራን ከአሥር ሰዓት በኋላ ቀጠረችን። ይህን የመሰለ ጥያቄ በስልክ ከሚገኝ አስተርጓሚ መጠበቅ አይቻልም፤ አስተርጓሚው የተባለውን ይተረጉማል እንጂ ያልተባለውን አይጠይቅም።

በቀጠሮው ቀን አባቴ ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ እኔ እኮ ተከትቤያለሁ» አሏት። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ወይ ይከራከራል ወይ ያሰናብታል። እርሷ ግን «አባባ፣ መቼ ነው? ምን ሆነው ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጓሮ ሲኮተኩቱ የዛገ ሽቦ እጃቸውን ቀድዷቸው ድንገተኛ ክፍል የተሰፉበትን ጊዜ ተረኩላት፤ እርሷም ኢሚዩኔት በተባለው የሜሪላንድ የክትባት መዝገብ ውስጥ ፈልጋ መርፌውን አገኘችው። ቲዲ የሚባለው፣ መንጋጋ ቆልፍንና ዘጊ አናዳን እንጂ ትክትክን የማይከላከለው ነበር። የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ አባቴ አዙራ በጣቷ እያሳየች፣ ቀድሞ የተወጉት እንዳልከሰረ፣ ነገር ግን ለሕፃኑ የሚፈለገው ሦስተኛው መከላከያ በውስጡ እንደሌለ፣ ቲዳፕን ለመውሰድም ከዚያኛው በኋላ የተወሰነ ዓመት መጠበቅ እንደማያስፈልግ አስረዳቻቸው።

ከዚህም አልፋ በልጅነታቸው ተከትበው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። በኢትዮጵያ የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 በመሆኑ የአባቴ ትውልድ አብዛኛው ሰው የልጅነት ክትባት የለውም፤ አባቴም ከፈንጣጣው በቀር የሚያስታውሱት አልነበረም። የልጅነቱን ያልወሰደ አዋቂ መጀመሪያ ሦስት መርፌ ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይሰጣል። በየአሥር ዓመቱ የሚወሰደው ማጠናከሪያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ለማጠናከሪያ ብለን ሄደን ለካ የቀድሞው መርፌ እንደ መጀመሪያ ተቆጥሮ ለአባቴ ይህ ገና ሁለተኛው ኖሯል። ሦስተኛውን በመዝገቧ ቀጠሮ ያዘችላቸው፤ ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻቸው። በዚህ አገር ብዙ ዓመት ስንኖር ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም።

አባቴ ለልባቸው ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፤ ይህንንም ከመድኃኒታቸው ዝርዝር ላይ አይታ አስቀድማ አነሳችው። ጋቢያቸውን ተቀብላ ወንበር ላይ አንጠለጠለች፣ የሹራባቸውን እጅጌ ከመጠቅለል ይልቅ ክንዳቸውን እንዲያወጡት አደረገች፣ ቀጭን መርፌ መርጣ ከትከሻቸው ዝቅ ብሎ ባለው ጡንቻ ላይ ወጋቻቸው። ከዚያም ጥጡን በቦታው አድርጋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳታሽ ተጫነችው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢታሽ ቆዳው ሥር ደም ሊቋጥር እንደሚችልም እግረ መንገዷን ነገረችን። ክንዳቸውን ቢያማቸው ታይሌኖል እንዲወስዱ፣ አይቡፕሮፌን ግን ከደም ማቅጠኛው ጋር ስለማይስማማ እንዳይነኩ ደጋግማ አሳሰበች። አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው እንዲቆዩም አደረገች። አባቴ በዚያ ጊዜ ውስጥ የትውልድ አገሯን፣ የወላጆቿን ስምና የት እንደተማረች ጠይቀው ጨርሰው፣ ሲወጡ «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» ብለው መርቀዋታል። በማግስቱ ክንዳቸው መጠነኛ ሕመም ነበረው፤ ከዚያ ሌላ የገጠማቸው ነገር የለም።

ሁሉም ነገር የተሟላ ነው ብዬ አላጋንንም። ክፍሉ በመጋረጃ የተከለለ ጠባብ ቦታ ነው፣ ቅዳሜ ወረፋው ረጅም ነው፣ መኪና ማቆሚያም እንደልብ አይገኝም። ፋርማሲስቷም በየቀኑ አትገባም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የበለጠ ትገኛለች። ስለዚህ ቀድማችሁ ደውሉና በአማርኛ የምታስተናግደዋን ፋርማሲስት ብላችሁ ጠይቁ። ስትሄዱ የመድኃኒቱን ካርድ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርና ካለ የቀድሞ የክትባት ወረቀት ያዙ። ሥራ ያለው ሰው ደግሞ አብዛኛው የግል ኢንሹራንስ ይህን ክትባት ያለ ክፍያ ስለሚሸፍን ወላጆቹን ይዞ ሲሄድ የራሱንም እዚያው ቢያስጠይቅ ይጠቅመዋል፤ እኔም በዚያው ቀን መዝገቤን አስፈትሼ አሥር ዓመት ስላለፈኝ ከአባቴ ቀጥዬ ተወግቻለሁ።