ማስጠንቀቂያ፦ «ሙሉ ገላ ፒፒኤፍ በአንድ ቀን» ለሚሏችሁ ገንዘብ አትስጡ

መኪና ያላችሁ የድሬዳዋና የሐረር ወገኖች፣ በተለይ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ያወጣችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ቀለምን ከጠጠር የሚጠብቀው ግልጽ ሽፋን፣ ሁላችንም ፒፒኤፍ የምንለው፣ በትክክል ከተሠራ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በዚሁ ስም ሌላ ነገር ሲለጠፍ ነው። «ሙሉ ገላ፣ በአንድ ቀን ጨርሰን፣ የ10 ዓመት ዋስትና» ተብሎ ከሌላው በግማሽ ዋጋ ከቀረበላችሁ፣ የሚለጠፍላችሁ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው፤ ለማስታወቂያ ስቲከር የሚሆነው ዓይነት ፕላስቲክ። በድሬ ፀሐይ ዓመት ሳይሞላው ቢጫ ሊሆን፣ ሊደርቅና ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ ማንሳቱ ከማስለጠፉ የበለጠ ያስወጣችኋል።

እውነተኛው ፒፒኤፍ የሚሠራው ቲፒዩ ከሚባል የፖሊዩሬቴን ዓይነት ነው። የዚህ ሽፋን መነሻ የቬትናም ጦርነት ነው፤ የአሜሪካ ጦር የሄሊኮፕተሮቹን የሚሽከረከር ክንፍ አሸዋና ፍንጣሪ እየበላበት ስለተቸገረ ለመከላከያ የተሠራ ነው። ሥራውም እስከ ዛሬ ያው ነው። ጠጠር ሲመታው ይለጠጥና የምቱን ኃይል በሰፊው አከፋፍሎ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ ለስላሳ የሚያደርገው የሚጨመርበት ማለስለሻ ኬሚካል ነው። ያ ኬሚካል በሙቀት ቀስ በቀስ እየተነነ ይወጣል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀትር ፀሐይ የቆመ ጥቁር ኮፈን 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ሙቀት ማለስለሻው አይቆይም። ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ በተገለጠው ሙጫ ላይ አቧራ ተጣብቆ በኮፈኑ ዙሪያ ጥቁር መስመር ይሠራል። የመጀመሪያው ምልክት ይኸው መስመር ነው፤ ቢጫነቱ ኋላ ይከተላል። ቲፒኤች ተብሎ በመካከለኛ ዋጋ የሚቀርበውም በአብዛኛው የተሻሻለ ፒቪሲ ነውና ስሙ አያታልላችሁ።

አሁን ዋናው ጥያቄ ከመለጠፉ በፊት እንዴት ይለያል የሚለው ነው። ሥዕልና ቪዲዮ አትመልከቱ፤ የታተመበት ካርቶንም ማስረጃ አይሆንም፣ ስመ ጥር የሆኑት አምራቾች የኤክስፔልና የስሪኤም ስም ሳይቀር በአስመሳይ ካርቶን ይሸጣል። መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ጠይቁ። ከናሙና ደብተር ላይ ሳይሆን መኪናችሁ ላይ ከሚለጠፈው ጥቅል ጫፍ፣ እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ የተቆረጠ ይሁን። የሚያሳዩት ሌላ፣ የሚለጥፉት ሌላ መሆኑ የዚህ ንግድ ዋና ማታለያ ነው።

በቁራጩ ላይ መጀመሪያ ውፍረቱን ለኩ። ጥሩ ፒፒኤፍ ሙጫውን ጨምሮ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሻጩ «0.3 ነው» ካላችሁ ከታች ያለውን ልጣጭና ከላይ ያለውን ስስ መሸፈኛ አብሮ ቆጥሮታል ማለት ነው፤ ሁለቱም ተልጠው የሚጣሉ ናቸው። ሁለቱንም አንሱና ሙጫውን ከሙጫ አጣብቁት፤ ያንን መልሳችሁ አንድ ጊዜ እጠፉት፤ አራት ድርብ ሆነ። ማንኛውም ቶርኖ ቤት ዲጂታል ካሊፐር አለ። አራቱ ድርብ ከ0.60 በታች ካሳየ አትቀበሉ። ውፍረት ብቻውን ግን አይበቃም፣ ወፍራም ፒቪሲም አለና።

ቀጥሎ ሁለት ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጣችሁ በሁለት እጅ ሳቡት። ቲፒዩ ከእጥፍ በላይ ይለጠጥና ስትለቁት ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል፣ እንደጠራም ይቆያል። ፒቪሲ ሲሳብ ይነጣል፣ ወይም እንደተለጠጠ ተልፈስፍሶ ይቀራል፣ ወይም ይቀደዳል። «ጭረት ራሱ ይድናል» ብለው በብሩሽ ቧጭረው ሙቅ ውሃ ሲያፈሱበት ደግሞ ብዙ ሰው ይማረካል፤ ያ የሚታየው የላይኛው ስስ ቅብ ሥራ ነው። በአንዳንድ ርካሽ ሽፋን ላይም ተቀብቶ ስለሚመጣ በዚህ ብቻ አትወስኑ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተማምነው የመዳብ ሽቦ ሙከራ ነው። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የመዳብ ሽቦ አውጡ፤ የገመዱ ልባስ ራሱ ፒቪሲ ስለሆነ ምንም ሳይቀር ላጡት። ሽቦውን በፒንሳ ይዛችሁ በቡታጋዝ ነበልባል ላይ እስኪቀላና ነበልባሉ ምንም አረንጓዴ እስከማያሳይ ድረስ አግሉት። ወዲያው ትኩሱን ሽቦ የሽፋኑ ቁራጭ ላይ ነካ አድርጉ፤ ትንሽ ቀልጦ ይጣበቅበታል። መልሳችሁ ነበልባሉ ውስጥ አስገቡት። ደማቅ አረንጓዴ ከበራ ውስጡ ክሎሪን አለ፣ ማለትም ፒቪሲ ነው። ቲፒዩ እንዲህ አያበራም። ሙከራውን ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ሥሩት፤ የፒቪሲ ጭስ ሳንባ ይጎዳል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ሻጩ ይህን ሙከራ ከከለከላችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሒሳቡንም ራሳችሁ ሥሩት። የፒፒኤፍ ጥቅል ብዙ ጊዜ 1.52 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት አለው። ኮሮላን የመሰለ መኪና ሙሉ ገላው ሲለጠፍ አንድ ሙሉ ጥቅል ይጠጋል። እንግዲህ የቲፒዩ ጥቅል አዲስ አበባ አስመጪዎች ዘንድ ስንት እንደሚሸጥ በስልክ ጠይቁ። የተባላችሁት የሙሉ ገላ ዋጋ፣ የእጅ ሥራና ትርፍ ጨምሮ፣ ከጥቅሉ ዋጋ በታች ከሆነ ማንም ከኪሱ እየጨመረ አይሠራላችሁምና ዕቃው ሌላ ነው። ጊዜውም እንዲሁ ይናገራል፤ ሙሉ ገላ ለሁለት ጎበዝ ባለሙያዎች ከ3 እስከ 5 ቀን ይወስዳል። በአንድ ቀን የሚያልቀው የፊቱ ክፍል ብቻ ነው።

ስለ «ናኖ» አጭር ቃል። ናኖ ወይም ሴራሚክ የሚባለው ፈሳሽ ቅብ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ነው። ያበራል፣ ውሃና አቧራ ቶሎ ይለቃል። ጠጠር አይመልስም። «ከፒፒኤፍ ይሻላል» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል።

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ግን በዕቃው ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ባለው ቀለምም ነው። ከተማችን ውስጥ ከሚሽከረከሩት ቪትዝና ኮሮላዎች ስንቶቹ ስቱኮ ተደርጎባቸው እንደገና እንደተቀቡ ታውቃላችሁ። የፋብሪካ ቀለም ከነመሠረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ በምድጃ የተጋገረ ስለሆነ ላሜራውን ጨምድዶ ይይዛል። ጋራዥ የተቀባው ከ200 ይበልጣል፣ ስቱኮ ካለበት ከ500 እስከ ከ1000 በላይ ይደርሳል፤ አያያዙም የቀቢው ጥንቃቄ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ቀለም ላይ ጥሩ ፒፒኤፍ እንኳ ሲነሳ ቀለሙን ሊፈነቅል ይችላል። የቀለም ውፍረት መለኪያ የሌለው ባለሙያ የሚለጥፍበትን አካል አያውቀውም። መለኪያ ካልተገኘ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላሜራው ላይ አሳልፉ፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ መያዙ ይላላል። ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ በማግኔትም በተራው መለኪያም አይለካም፤ እሱን ጠርዙን፣ የብሎን ማሰሪያውን አካባቢና የቀለም ነጠብጣብን አይታችሁ ፍረዱ። አዲስ የተቀባ አካል ላይ ደግሞ ቢያንስ 30 ቀን፣ ምድጃ ካልገባ 60 ቀን ሳይሞላ አታስለጥፉ። በቀለሙ ውስጥ የቀረው ቲነር መውጫ ያጣና ሽፋኑን ከሥር ያንፈቀፍቀዋል።

ሥራው ሲሠራ ቁሙና ተመልከቱ። የተዘጋ ክፍል ይኑር፤ ደጅ ኒም ዛፍ ሥር የሚለጥፍ ሰው አቧራውን አብሮ ይለጥፍላችኋል። መኪናው ከፀሐይ ከመጣ ላሜራው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ እስኪሆን ይጠበቅ፤ በድሬ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። ትኩስ ላሜራ ላይ የሳሙናው ውሃ ቶሎ ይደርቅና ሙጫው ያለ ቦታው ይይዛል፤ ባለሙያው ነቅሎ ሲመልሰው የማይጠፋ የመሳብ መስመር ይቀራል። ማንሸራተቻው በአንድ ሊትር ውሃ ጥቂት ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ነው፤ ጠርዝ ማስያዣው ደግሞ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 25 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል። ውሃው የቧንቧ እንዳይሆን። የድሬ ውሃ በማፍያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀምጠው ማዕድኑ ከሽፋኑ ሥርም ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያም ማጥፊያ የለውም። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ፤ አሲዱን አላልኩም።

ከሁሉ በላይ ካተሩን ተከታተሉ። ሽፋኑን መኪናው ላይ ዘርግቶ በካተር ዙሪያውን የሚከረክም ሰው አብሮ ቀለሙንም ይቆርጣል። ቁርጡ ሽፋኑ እስካለ አይታይም፤ ሲነሳ በኮፈኑ ዳር እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ላሜራ ከነካም ከዚያ ይዝጋል። አስቀድሞ በማሽን በተቆረጠ ሽፋን፣ ወይም ውስጡ ክር ባለው መቁረጫ ፕላስተር የሚሠራ ሰው ፈልጉ።

ለአብዛኞቻችን ሙሉ ገላ ማስለጠፍ ብክነት ነው ብዬ አምናለሁ። ጠጠር የሚመታው የፊት ፓራውልት፣ ኮፈን፣ የሁለቱ የፊት ፓራፋንጎ፣ የስፖኪዮ ጀርባ፣ ከበሮቹ በታች ያለው መስመርና ከኋላ ጎማ ፊት ያለው ጥግ ናቸው። ለነዚህ ከ5 እስከ 6 ሜትር ይበቃል። ወደ ጅቡቲ ድንበር በሚወስደው የደወሌ መንገድ በፍጥነት የሚሄድ፣ ወይም ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጭኖ ሸራ ካላለበሰ ሲኖትራክ ኋላ የሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በቀረው ገንዘብ ጥሩውን ቲፒዩ ግዙበት። የፊት መስታወት ግን በዚህ ሽፋን አይለጠፍም፤ እይታ ያዛባል።

ከተለጠፈ በኋላ አንድ ሳምንት አይታጠብ። ውሃ ያቆረ አረፋ በአንድ ሁለት ሳምንት ራሱ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው አየር ወይም አቧራ ነውና መልሳችሁ ውሰዱት። ላቫጆ ስትገቡ የውሃው አፍ ከ30 ሴንቲሜትር እንዳይቀርብና ጠርዙን ቀጥታ እንዳይመታ ንገሩ። «ያበራል» ብለው ናፍጣ የሚረጩትን ከልክሉ፤ የሽፋኑን ጠርዝና ሙጫውን ያላላል። የወፍ ኩስ በዚያው ቀን ይነሳ።

ደረሰኝ ላይ «የመኪና ዲኮር» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ምንም መከራከሪያ የላችሁም። «ቲፒዩ ፒፒኤፍ»፣ ውፍረቱ፣ የጥቅሉ ቁጥር፣ የተለጠፉት አካላትና የሰሌዳ ቁጥሩ ይጻፍ። የጥቅሉ ቁጥር በልጣጩ ወይም በካርቶኑ ላይ አለ፤ እውነተኛ የፋብሪካ ዋስትና ከሆነ ያንን ቁጥር የአምራቹ ድረ ገጽ ያውቀዋል። ዋስትናው ራሱ ቢጫ መሆንን፣ መሰንጠቅንና መላጥን እንጂ የጠጠር ምትን አብዛኛውን ጊዜ እንደማይሸፍን እወቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። ፒቪሲን ቲፒዩ ብሎ የሸጠ ሰው ላይ በጽሑፍ የተያዘ ደረሰኝና የሽፋኑን ቁራጭ ይዛችሁ ንግድ ቢሮ አመልክቱ፤ ቁራጩን ለዚሁ አስቀምጡት።

አስቀድማችሁ ያስለጠፋችሁና ዳሩ መሸሽ ወይም መቢጨት የጀመረባችሁ፣ ሳይሰነጠቅ ዛሬውኑ አስነሱት። ገና ለስላሳ ሳለ ሳይቀደድ ባንድ ላይ ይነሳል፤ ከደረቀ በኋላ ጥፍር በሚያህል ቁራጭ እየተሰባበረ ቀናት ይፈጃል። በእንፋሎት ወይም በፎን እጅ እስኪችለው ድረስ ብቻ ይሙቅ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ላሜራው ተጠግቶ ዝቅ ባለ ማዕዘን ቀስ ተብሎ ይሳብ። ቀለም ሲነሳ ካያችሁ ወዲያው አቁሙና ከሌላኛው ጥግ ሞክሩ። የቀረውን ሙጫ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ጨርቅ አርሱት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በፕላስቲክ መፋቂያ ግፉት። ምላጭ አይነካው። ጋራዥ የተቀባ አካል ወይም ፓራውልት ላይ ቲነር ለማፍሰስ የሚያነሳ ሰው ካለ እጁን ያዙት፤ ከሙጫው ጋር ቀለሙንም ያሟሟዋል።