በወር 40 ምናምን ዶላር ልጅ ስፖንሰር ማድረግ፦ ከ6 ዓመት በኋላ የኔ ሪቪው

ሰው ስለ ስልክና ስለ መኪና ሪቪው ይጽፋል፣ እኔ ደግሞ ስለ ልጅ ስፖንሰርሺፕ (በድርጅት በኩል አንድን ልጅ በየወሩ ስለመርዳት) ልጽፍ ነው፣ ምክንያቱም እሱም ካርዴ ላይ በየወሩ የሚቆረጥ ሰርቪስ ነው፣ ኔትፍሊክስ በ3 ይቆረጣል፣ እሱ በ5። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ትልቅ ነው፣ ብዙ ሀገር ይሰራል፣ የምወቅስበት ነገር ግን የሱ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቹ ጸባይ ስለሚመስለኝ ስሙ ይቅር።

እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ኡበር የምነዳ ሰው ነኝ፣ ያደግኩት ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው። ልጅ ሆኜ እርዳታ ማለት ለኔ ረጅም አንቴና ያለው ነጭ ላንድክሩዘር፣ ፋፋ፣ እና ሁለት እጅ ሲጨባበጥ የተሳለበት የዘይት ቆርቆሮ ነበር፣ ቆርቆሮውን እናቴ ዘይቱ ካለቀ በኋላ ስንት ዓመት ውሃ ቀዳችበት መሰላችሁ። ስለዚህ ኤንጂኦ ሲባል ግማሽ ልቤ ያመሰግናል ግማሹ ደግሞ "ላንድክሩዘሩ ስንት ነው?" ይላል። በ2011 ልጄ ተወልዳ ሆስፒታል ቁጭ ብዬ ስልኬን ስነካካ ነው ዌብሳይቱ ውስጥ የገባሁት።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ቅር ያለኝ ነገር። ልጅ የሚመረጠው ልክ ኦንላይን ጫማ እንደሚመረጠው ነው፣ ሀገር፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የልደት ቀን ሳይቀር ፊልተር አለው፣ ከልጅህ ጋር አንድ ቀን የተወለደ ከፈለግክ ያመጣልሃል። አንዳንዱ ፎቶ ላይ "ብዙ ጊዜ የጠበቀ" የሚል ምልክት አለ። እኔ ኢትዮጵያ ብዬ፣ ሰሜን ሸዋ የሚል ሳይ ደነገጥኩና ያቺ ምልክት ያለባትን የ7 ዓመት ልጅ ነካሁ። ፎቶው ላይ ጭቃ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፣ የትምህርት ቤት ሹራብ፣ እግሯ ላይ የታላቋ መሆኑ የሚያስታውቅ ኮንጎ ጫማ፣ ተረከዟ ጋ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። ትክክለኛ ቀበሌዋን አይነግሩህም፣ የአባት ስምም አድራሻም የለም፣ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ እኔ የዛ ሀገር ልጅ ነኝ እኮ! በኋላ ግን ገባኝ፣ ማንም ክሬዲት ካርድ ያለው ሰው ተነስቶ ልጅ ቤት ድረስ እንዳይሄድ ነው፣ ትክክል ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደብዳቤው። እዚህ ሰርቪስ ላይ ከሌላው ስፖንሰር የተለየ ነገር የምናየው እኔና እናንተ አማርኛ የምናነበው ብቻ ነን። ልጅቷ በአማርኛ ትጽፋለች፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል፣ ከዛ ሁለቱም ስካን ተደርጎ አፑ ላይ ይመጣል። አሜሪካዊው ስፖንሰር እንግሊዝኛውን አንብቦ ፍሪጁ ላይ ይለጥፋል፣ እኔ የእጅ ጽሑፏን አነባለሁ። የመጀመሪያ ደብዳቤዋ "ውድ ጋሼ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትዎ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ" ይላል፣ እኛም እንዲሁ ነበር የምንጽፈው አይደል። እንግሊዝኛው ምን ይላል? ሰላም ስፖንሰሬ፣ ደህና ነኝ። አለቀ። ጋሼም የለም ናፍቆትም የለም። ተርጓሚውን አልወቅስም፣ በቀን ስንት ደብዳቤ ይሆን በእጁ የሚያልፈው፣ ግን ሰው ስድስት ዓመት የሚከፍልበት ነገር እኮ ይሄ ነው።

የሚገርመው እኔ በአማርኛ ስጽፍ አልሆነም። ደብዳቤው መጀመሪያ እዚህ አሜሪካ ይነበባል፣ እነሱ ማንበብ ስላለባቸው በእንግሊዝኛ ጻፍ አሉኝ። ስለዚህ የሸዋ ሮቢት ልጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይጽፋል፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ለሰሜን ሸዋ ልጅ ይነበብላታል። ደርሶ መልሱ ሦስት ወር ይፈጃል። በኋላ አንድ ዘዴ አገኘሁ፣ አፑ ፎቶ ማያያዝ ይፈቅዳል፣ እኔም ወረቀት ላይ በእጄ በአማርኛ ጽፌ ፎቶ አንስቼ እንደ ስዕል አያይዘው ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ ያልፍልኛል። ይህን እያነበባችሁ ያላችሁ የድርጅቱ ሰዎች ካላችሁ አላየሁም በሉ።

ለልደቷ ከወርሃዊው ውጪ 50 ዶላር ልኬ በጉን ይዛ የተነሳችው ፎቶ መጣ፣ እንግሊዝኛው ፍየል ይላል፣ ፎቶው ላይ ላቱ እየታየ! ዝርዝሩም ነበረው፣ በግ፣ ደብተር፣ ጫማ። ከዛ በኋላ ባለው ፎቶ ኮንጎው የለም።

በሦስተኛው ዓመት ደግሞ እንዲህ ጻፈች፦ "ጋሼ ላማችን ወለደች፣ እንገሩን ስንበላ እማዬ የጋሼሽ ድርሻ ነው ብላ አስቀመጠች፣ አንተ ግን ሩቅ ነህ።" እንግሊዝኛው፦ ላም አለን፣ ወተት እንጠጣለን። እንገሩ መቅረቱን ተውት፣ እንገርን በእንግሊዝኛ ማን ያስረዳል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ለሦስት ዓመት "እርስዎ" ስትለኝ የነበረች ልጅ "አንተ" ብላኛለች። እንግሊዝኛው ላይ ያው አንድ ቃል ነው፣ ሌላው ስፖንሰር ይህቺ ቀን መቼ እንደደረሰች በጭራሽ አያውቅም። መኪናውን ኮስትኮ ፓርኪንግ አቁሜ ሁለት ጥሪ አሳልፌአለሁ።

ብሩስ? ብሩ የት ይሄዳል የሚለው ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አሰራር አለ፣ ሰው የሚቀላቅለው እሱን ነው። ለምሳሌ ዎርልድ ቪዥን የስፖንሰሮችን ብር አንድ ላይ አድርጎ ለአካባቢው ውሃ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ያውለዋል፣ ፎቶዋን የያዝካት ልጅ የዛ አካባቢ ልጅ ናት እንጂ 40 ዶላሩ በፖስታ ለሷ አይሰጥም። ኮምፓሽን ደግሞ በየአካባቢው ቤተክርስቲያን በኩል ልጁን በስሙ መዝግቦ ይይዛል፣ ከትምህርት ቤት ውጪ ፕሮግራም፣ ምግብ፣ ህክምና፣ ዩኒፎርም። ሁለቱም የጀመሩት 1950ዎቹ መግቢያ ላይ (በፈረንጅ) ከኮሪያ ጦርነት ጋር ተያይዞ ነው፣ ሀሳቡ ግን ከዛም ይቀድማል፣ በ1937 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ጆን ላንግደን-ዴቪስ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ አንድ ልጅና አንድ ረጂ በፎቶና በደብዳቤ ይገናኙ ብሎ የጀመረው ነው ዛሬ ፕላን ኢንተርናሽናል የሆነው። ማለቴ ፎቶውና ደብዳቤው ያኔም የሰውን ልብ መያዣ ነበር፣ ቢዝነስ የሚያውቅ ሰው ነው የፈጠረው ባይ ነኝ።

ይሰራል ወይ? እኔም ይሄን ነበር ማወቅ የፈለግኩት። ብሩስ ዋይዲክ የሚባል ኢኮኖሚስት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ2013 (በፈረንጅ) ያወጣው ጥናት አለ፣ ኮምፓሽን ስፖንሰር ያደረጋቸውን ልጆች ካደጉ በኋላ ሄደው አዩአቸው፣ ስፖንሰር ካልሆኑ ወንድም እህቶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ጋር አወዳደሩ፣ ኡጋንዳ፣ ኬንያ፣ ህንድ፣ ፊሊፒንስ፣ ጓቲማላ፣ ቦሊቪያ፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰው። እኛ ሀገር የለበትም። ውጤቱ ስፖንሰር የተደረጉት ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ገደማ የሚሆን ተጨማሪ ትምህርት ተምረዋል። አንድ ዓመት ምን አላት የምትሉ ካላችሁ ስምንተኛ ላይ የቆመና ዘጠነኛ የገባ ልጅን ልዩነት አላያችሁም። በሌላ በኩል ችካጎ ትሪቢዩን የሚባለው የአሜሪካ ጋዜጣ በ1998 (በፈረንጅ) ጋዜጠኞቹን ስፖንሰር አስደርጎ የሰራው ምርመራ ነበር፣ ማሊ ውስጥ አንዷ ልጅ ከሞተች በኋላም ስፖንሰሯ ሲከፍል ከርሞ ነበር። ሁለቱንም አንብቤ ነው የቀጠልኩት።

በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ ለአራት ወር ምንም አልመጣም። "ፕሮግራሙ ለጊዜው ተቋርጧል" የሚል ኢሜይል፣ ከዛ ዝም። እዚህ ላይ ግን አልወቅሳቸውም፣ እኔ ራሴ የናቴን ድምፅ መስማት ያቃተኝ ሰሞን ነበር። ሲመለስ ደብዳቤዋ አጭር ነበር፣ በጉ እንደሌለ ብቻ ጽፋለች፣ ማን እንደበላው አልጻፈችም። እንግሊዝኛው በዚህ ጊዜ በትክክል "በግ" አለ።

አሁን አንዱን ኮከብ የቀነስኩበት ጉዳይ። በ2016 መጨረሻ ማታ ስራ ላይ እያለሁ ኢሜይል ገባ፣ ልጅቷ ፕሮግራሙን ለቃለች ይላል፣ ከስሩ ደግሞ የአንድ የ6 ዓመት ወንድ ልጅ ፎቶና "አዲሱን ልጅህን ተዋወቅ"። በዛው ኢሜይል! ሰው ለቅሶ ሄዶ እዛው ድንኳን ውስጥ ሰርግ ሲጠራ እንደማለት ነው። ደወልኩ፣ 25 ደቂቃ ሙዚቃ አስደመጡኝ፣ ያነሳችው ሴትዮ ጨዋ ናት፣ ቤተሰቡ ከአካባቢው ተነስቷል ከዛ በላይ መረጃ የለኝም አለች። የት ሄዱ? አይባልም። አንድ የስንብት ደብዳቤ ይፈቀዳል፣ ካገኟት ይሰጧታል። ጻፍኩ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም። መልስ የለም። ሰርቪሱ ልጅ እየሸጠላችሁ እንዳልሆነ አስር ጊዜ ይነግራችኋል፣ ግን አምስት ዓመት ሙሉ "ልጅህ፣ ልጅህ" ሲል ከርሞ በአንድ ኢሜይል እንደ እቃ መቀየር አይደረግም፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠበቅ፣ ቢያንስ ሰው ይደውል።

እንዲህ ዓይነቱን መለያየት አልችልም የምትሉ ፎቶ የሌለበትን ሞክሩ። እኔ ከዛ ኢሜይል በኋላ ተናድጄ ለዩኒሴፍም በወር ትንሽ መላክ ጀመርኩ፣ እዛ ልጅም ደብዳቤም የለም። ብሩ ከሚሄድበት አንዱ ፕላምፒ ናት ነው፣ በ1996 (በፈረንጅ) ፈረንሳይ የተሰራ የለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ የስኳርና የዘይት ልቁጥ፣ አንዱ ከረጢት 92 ግራም 500 ካሎሪ። ውሃ አይፈልግም እሳት አይፈልግም፣ ድሮ በጣም የተጎዳ ልጅ ሳምንታት ጤና ጣቢያ ተኝቶ ወተት ይሰጠው ነበር፣ አሁን ሌላ ህመም ከሌለበት እናትየው ይዛ ቤቷ ትሄዳለች። እኛም ጋ አዲስ አበባ አጠገብ ሂሊና የሚባለው ፋብሪካ ያመርተዋል። የአጎቴ ልጅ ጤና ኤክስቴንሽን ናት፣ የክንድ መለኪያ ሪባኗን ቪዲዮ ላይ አሳይታኛለች፣ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ቀዩ ላይ ነው፣ ልጁ በምግብ እጥረት በጣም ተጎድቷል ማለት ነው፣ ክብ አድርጋ ስታሳየኝ የኔ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተገናኝተው ቦታ ይተርፋል። እውነት ለመናገር በዶላር ካሰላችሁት ይሄኛው ሳይሻል አይቀርም። ግን ማንም "ጋሼ" አይላችሁም፣ እኔ ደግሞ ደካማ ነኝ።

የሀገር ቤቶቹንም እንዳትረሱ። እማማ አበበች ጎበና በ1980 (በፈረንጅ) ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ ወሎ ላይ ረሃቡን አይተው ሁለት ልጅ ይዘው አዲስ አበባ የገቡት ፊልተር አድርገው አልነበረም፣ ቤታቸው እስኪፈርስ ነው ያሳደጉት። በ2021 ኮሮና ወሰዳቸው እንጂ ድርጅታቸው አለ።

ለመጀመር ለምታስቡ ሁለት ነገር። አሜሪካ ያላችሁ የአብዛኛው እርዳታ ድርጅት ፎርም 990 (በየዓመቱ ለታክስ መስሪያ ቤት የሚያስገባው ሪፖርት) ኦንላይን ነጻ ነው፣ ደሞዝና ማስታወቂያ ላይ ስንት እንደሚያወጡ እዛ ታያላችሁ፣ ላንድክሩዘሩም ሊገኝ ይችላል። መስሪያ ቤታችሁ ማች የሚያደርግ (እናንተ በሰጣችሁት ላይ እሱም የሚጨምር) ከሆነ ደግሞ ጠይቁ፣ እኔ ኡበር ስለሆንኩ አይመለከተኝም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። ወንዱን ልጅ አልመለስኩትም፣ ምን ብዬ እመልሰዋለሁ፣ እሱ ምን አደረገ። የመጀመሪያ ደብዳቤው ባለፈው ሳምንት መጣ፣ ፊደሉ ከመስመሩ እየወጣ፣ ባንዲራና አንድ ዶሮ ስሏል፣ ተርጓሚው ዶሮውን "ወፍ" ብሎታል። ከስሩ "ጋሼ እርስዎ ልጅ አለዎት?" ይላል። አለኝ ብዬ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ እንደ ስዕል አያይዤ ልኬአለሁ፣ ካለፈልኝ።