ጳጉሜን የዋጠው ሶፍትዌር፦ የዘጠኝ ወር ትዝብት

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ግድግዳችን ላይ የተሰቀሉት የቀን መቁጠሪያዎች ሁሉ 13 ወር አላቸው፤ ያተምናቸው እኛው ነን። በየካቲት የገዛነው የሥራ ማስተባበሪያ ሶፍትዌር ግን 12 ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህን የተረዳሁት ጳጉሜ 2 ቀን፣ ማተሚያ ቤት ትንፋሽ በሚያጣበት ሳምንት ነው።

ድሮ ትዕዛዝ የምንቀባበለው በቴሌግራም ግሩፕ ነበር። የደንበኛ ዲዛይን ከልደት ኬክ ፎቶ ሥር ይቀበራል። ሻጩ መጣና "እንደ ልብስ በልክዎ ይሰፋል" አለኝ። እውነቱን ነው። መርፌና ክሩን ለእኔ ትቶ እንደሚሄድ ግን አልነገረኝም።

ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ስሰፋ አመሸሁ። መጀመሪያ ሰዓቱን። ፎርማናችን "ነገ 3 ሰዓት" ብሎ ሲመዘግብ፣ ስልኩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይጮህበት ነበር። ሚስቱ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። "ቀን" እና "ማታ" የሚል ምርጫ አስገባሁ፤ ቀን ከሆነ 6፣ ማታ ከሆነ 18 የሚደምር ፎርሙላ ከኋላው ሰካሁ። በማግስቱ ስልኩ ልክ በ3 ሰዓት ጠዋት ጮኸ። የዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ አረማመዴን ብታዩ!

ቀኑማ ምን አለው? ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ናቸው፣ መደመር ብቻ ነው። የዓመት ዕቅዱን ሠንጠረዥ ከፍቼ የወሮቹን ስም ቀየርኩ። ጃንዋሪ የነበረው መስከረም ሆነ፣ ዲሴምበር የነበረው ነሐሴ። ዓምዱ አለቀ፣ እኔም ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ደመወዝ የማይከፈልባትን ወር ማን ያስታውሳታል?

ትዕዛዝ ተቀባያችን አስታወሰች። ጳጉሜ 3 የሚረከብ የእንቁጣጣሽ ካርድ ልትመዘግብ ብትፈልግ ወሩ የለም። "ነሐሴ 33" ብላ ጻፈች። ስሌቷ ልክ ነበር! ከ30 በላይ እንዳይቀበል ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ሶፍትዌሩም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ቀኑን ደምስሶ ትዕዛዙን ማንም ወደማያየው ዝርዝር ታች ወረወረው። ጳጉሜ 2 ደንበኛው ደውለው "ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?" አሉ። ወረቀቱ እንኳ አልተቆረጠም። ማሽኑ ሲያጓራ አነጋ፣ እኛም አብረን።

13ኛ ዓምድ ይጨመርልን ብዬ ለሶፍትዌሩ ድርጅት ሰዎች ጻፍኩላቸው። "ሐሳብዎን ተቀብለናል" አሉ። እስከ ዛሬ እንደተቀበሉት ነው። ወንድሜ ሻጩ፣ በልክ ይሰፋል ያልከኝ ልብስ አንድ እጅጌ የለውም እኮ! ክፍያው ላይ ግን ወር ዘላችሁ አታውቁም።

አሁን ነሐሴን 35 ቀን አድርጌያታለሁ። በ2019 ጳጉሜ 6 ቀን ስለምትሆን 36 ማድረግ አለብኝ። ይህንን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው ቢሮው ውስጥ የለም። ፈቃድ ስወጣ እንኳ ይደወልልኛል።

ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጃችን "ይታደስ ወይስ ይቅር?" ብለው ጠየቁኝ። ስንት የተሳደብኩት ሰውዬ፣ "ይታደስ" አልኩ፣ ያውም ሳላስብ። ያ ሁሉ ሌሊት ገደል ሲገባ ቆሜ ላይ ነው? ደግሞ ወደዚያ የኬክ ፎቶ መመለስ አልፈልግም።

ፎርማኑ ያበደርኩትን ብር ስጠይቀው "ነሐሴ 33 እሰጥሃለሁ" ይለኛል። መዝግቤዋለሁ፤ አሁን ይቀበላል።